ወጣ ወይስ ወጥቷል? የእንግሊዝኛው ፕረዘንት ፐርፌክት በአማርኛ ተናጋሪ እጅ

ላምበረት መናኸሪያ ሊነጋጋ ሲል እየሮጠ የሚደርስ መንገደኛ የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙም አይለያይም። «ወንድሜ፣ የደሴው መኪና ወጣ እንዴ?» ትኬት ቆራጩ ቀና ሳይል «ወጥቷል» ይለዋል። መንገደኛው ሻንጣውን መሬት ላይ ዘጭ አድርጎ «መቼ ወጣ?» ሲል ደግሞ መልሱ ይቀየራል፤ «አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣ።»

ልብ ብሎ ለሰማ፣ በእነዚህ አራት አጫጭር ንግግሮች ውስጥ አንድ ሙሉ የሰዋስው ትምህርት አለ። ትኬት ቆራጩ መጀመሪያ «ወጥቷል» ሲል ሰዓት አልነገረንም። መኪናው አሁን እዚህ የለም፣ ቦታው ባዶ ነው፣ አንተም ቀርተሃል ማለቱ ነው። ሰዓት ሲጠየቅ ግን ያ ቃል ወዲያው ቦታውን ለ«ወጣ» ለቀቀ። «መቼ ወጥቷል?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ የለም። እንግሊዞችም እዚሁ ቦታ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ «ሃዝ ለፍት»፣ ሰዓት ሲጠራ «ለፍት»።

ከመናኸሪያው ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ፎቅ ላይ በተከራየች ክፍል ማታ ማታ እንግሊዝኛ የሚያጠኑ ልጆች ግን ይህንኑ ነገር «ፕረዘንት ፐርፌክት» በሚል ስም ሲያገኙት ጨርሶ የማያውቁት እንግዳ ይመስላቸዋል። ስምንተኛ ክፍል ተማሩት፤ አሥረኛ ክፍል ደገሙት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በመጀመሪያው ዓመት እንደገና አገኙት፤ ሥራ ሲያመለክቱም ይሳሳቱታል። ለምን?

ከመምህራንም ከተማሪዎችም የምንሰማው የተለመደ መልስ «አማርኛ ውስጥ ስለሌለ ነው» የሚል ነው። እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስደግም ኖሬያለሁ። አሁን የማምነው ግን ሌላ ነው። የሚያስቸግረን በአማርኛ መኖሩ ነው። እሱን የሚመስል ቅርጽ አለን፤ ከአንድ ቦታ በቀር ግን ሥራቸው አይገጥምም። ሙሉ በሙሉ እንግዳ የሆነን ነገር ሰው ተጠንቅቆ ይማረዋል፤ የሚያውቀው ሰው የመሰለውን ግን ከሩቅ ጠርቶ ያፍራል።

ነገሩ ታሪክም አለው፤ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን ዋናውን ወንበር የያዘው ዘግይቶ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተማረ ሰው የውጭ ቋንቋ ሲባል በቅድሚያ የሚመጣበት ፈረንሳይኛ ነበር፤ የጅቡቲው የባቡር መስመርም፣ ዲፕሎማሲውም ወደዚያው ይስብ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እነዚያ ሰዎች የእኛ ጭንቀት አልነበረባቸውም። ፈረንሳይኛም እንደ እንግሊዝኛ «አለኝ» በሚለው ግሥ የሚሠራ ተመሳሳይ ቅርጽ አለው፤ ነገር ግን ቅርጹ ከዘመን ብዛት ተራ ኃላፊ ጊዜ ሆኗል። ስለዚህ «ዤ ማንዤ ኢዬር» ይባላል፤ «ትናንት በልቻለሁ» ማለት ነው፤ ፈረንሳዩም አይስቅ፣ መምህሩም ቀይ እስክሪብቶ አያነሳ። በእንግሊዝኛ ያው ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን ሚዛኑ ወደ እንግሊዝኛ አጋደለ። ከላምበረት በወሰን በኩል ወደ ኮተቤ የሚወስደው መንገድ የዚህ ታሪክ አንድ ምስክር አለው፤ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮተቤ ላይ ነበር። ዛሬ ደግሞ በዚያው አካባቢ የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያሠለጥናል። በ1962 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የተሰናዳው የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ሁላችንም «ፕላዝማ» ብለን የምናውቀው፣ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ተሰቀለ። የፕላዝማ ተማሪ የነበረ ሰው ያስታውሳል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቅና ለመልስ ጥቂት ሰከንድ ሰጥታ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልመለሰም።

በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ያልተለወጠው ቀመሩ ነው። «ሰብጀክት፣ ፕላስ ሃቭ ወይም ሃዝ፣ ፕላስ ቨርብ ስሪ።» ከደብተር ጀርባ የ«ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ሠንጠረዥ ይገለበጣል፤ ፖስተሩም መንገድ ላይ ይሸጣል። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ ቅርጹን በትክክል ያሳያል። መቼ እንደምንጠቀምበት ግን አይነግረንም፤ የእኛ ችግር ደግሞ በአመዛኙ መቼ የሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቅርጽ እንምጣ። ቅኔ ቤት የገባ ሰው «በልቶ፣ ሄዶ፣ ወጥቶ» የሚለውን ቦዝ አንቀጽ ብሎ ያውቀዋል። ቦዝ ብቻውን አይቆምም፤ ማሰሪያ ይፈልጋል። «በልቶ» ላይ «አለ» ሲታሰርበት «በልቷል» ይሆናል፤ «ነበር» ሲታሰርበት «በልቶ ነበር»። የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት የመጀመሪያውን ቅርብ ኃላፊ፣ ሁለተኛውን ሩቅ ኃላፊ ብለው አስለመዱን። የውጭ አገር ሊቃውንትም ነገሩን ቀድመው ቆፍረውታል፤ ሚስዮናዊው ኢዘንበርግ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን ለንደን ላይ ያሳተመው በ1842 እ.ኤ.አ. ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ከሺህ ገጽ በላይ በሆነው መጽሐፉ ይህን ቅርጽ የተጣመረ ቦዝ በሚል ዓይነት ስም ይጠራዋል።

«ቅርብ ኃላፊ» የሚለው ስም ግን ያሳስታል፤ ቅሬታዬን ልደብቅ አልችልም። «ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ ድል አድርጋለች» ስንል የምናወራው ስለ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ይህ በምን ሂሳብ ቅርብ ይሆናል? የሚቀርበው ነገሩ የተፈጸመበት ቀን ሳይሆን ዋጋው ነው፤ ዛሬም ድረስ ይዘነው እንሄዳለንና። ተማሪው ግን ስሙን አምኖ «ፕረዘንት ፐርፌክት ማለት በቅርቡ የተደረገ ነገር ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያ ከአሥር ደቂቃ በፊት ስለሆነ ነገር «አይ ሃቭ ኢትን አት ትዌልቭ ኦክሎክ» ይላል። አሥር ደቂቃ ቅርብ ነው እኮ!

የቋንቋ ሊቁ በርናርድ ኮምሪ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ግሥ አንጻር በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ የፐርፌክትን ሥራዎች አራት አድርጎ ይከፍላቸዋል፤ ውጤቱ አሁን ያለ ድርጊት፣ በሕይወት ያጋጠመ ነገር፣ ተጀምሮ እስካሁን የቀጠለ ሁኔታ፣ ገና አሁን የሆነ ነገር። እንግሊዝኛ ለአራቱም «ሃቭ»ን ይጠቀማል። አማርኛ ግን እያንዳንዱን በሌላ በር ያስገባል። የዳሰሳዬ ልብ እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድ።

ውጤቱ ያለውን አይተናል፤ የመናኸሪያው «ወጥቷል» ነው። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ውስጥ ካፒቴኑ የቀበቶውን ምልክት እንዳበሩ በእንግሊዝኛ ሲነገረን «ሃዝ ተርንድ ኦን» የሚባለው መብራቱ አሁን ስለበራ ነው፤ በአማርኛም «አብርተዋል»። እዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ።

በሕይወት ያጋጠመን ነገር ስንናገር ግን አማርኛ ወደ «ማወቅ» ይሄዳል። «ጎንደር ሄደህ ታውቃለህ?» «ሄጄ አላውቅም።» ይህ ከአማርኛ ውብ አነጋገሮች አንዱ ነው፤ ያልሄድኩበትን አገር አካሌ አያውቀውም የምንል ይመስላል። እንግሊዝኛው «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን» ሲል ዕውቀት የሚባል ነገር የለበትም። ተማሪው ታዲያ «ዱ ዩ ኖው ጎንደር?» ብሎ ይጠይቃል፤ እንግዳው ደግሞ «አዎ፣ ካርታ ላይ አይቻለሁ» ብሎ ይመልስለታል። «ሃዝ ጎን» እና «ሃዝ ቢን» የሚባሉት ጥንድም የሚፈቱት እዚሁ ነው። «ዱባይ ሄዳለች» ካልን ልጅቱ እዚያው ናት፤ «ዱባይ ሄዳ ታውቃለች» ወይም «ደርሳ መጥታለች» ካልን ተመልሳለች። ደርሶ መልስ ትኬት የቆረጠ ሰው ይህን ልዩነት ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም፤ የሚያገናኝለት ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

ተጀምሮ የቀጠለውን ስንናገር አማርኛ ዓመታቱን ራሳቸውን ባለቤት ያደርጋቸዋል። «ላምበረት ስኖር አሥር ዓመት ሆነኝ።» «ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው።» እዚህ «ኖሬያለሁ» ብንል አድማጩ «አሁንስ የት ነህ?» ሊለን ይችላል። እንግሊዝኛው ግን እዚህ ላይ ነው «ሃቭ ሊቭድ» የሚለው። ከዚህ የሚወለደው ስህተት የታወቀ ነው፤ «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ቴን ይርስ»። «ከአሥር ዓመት ጀምሮ» ማለታችን ስለሚፈቀድ «ሲንስ»ን ከቁጥሩ ፊት እናቆመዋለን። ደንቡን ሁሉም ይሸመድደዋል፤ «ሲንስ» ለመነሻው፣ «ፎር» ለርዝመቱ። ፈተና ላይ ያገኘዋል፤ ሲናገር ይረሳዋል።

ገና አሁን የሆነው ደግሞ በአማርኛ በተራው ኃላፊ ነው የሚነገረው። ሰፈር ውስጥ መብራት ሲመለስ ልጆች በአንድ ድምፅ «መብራት መጣ!» ይላሉ። «መብራት መጥቷል!» ብሎ የሚጮህ ልጅ ሰምቼ አላውቅም። ሲጠፋም «መብራት ሄደ!» ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለመጣ እንግዳ ግን «መብራት ሄዷል፤ ሻማ እስክናበራ ታገሱን» እንላለን። ጩኸቱ ለክስተቱ፣ «ሄዷል» ለጨለማው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከለንደን ማስመጣት አያስፈልግም። ያው «መጣ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ከጓዳ ሲጠሩን «መጣሁ!» ብለን ሳንንቀሳቀስ እንቀመጣለን። ገና ያልመጣ ሰው መጣሁ ይላል። በእንግሊዝኛ «አይ ኬም!» ያለ ልጅ ግን ጓዳው ውስጥ ቆሞ መገኘት አለበት።

እንግዲህ ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው በትክክል በ«በልቷል» ላይ የሚያርፈው። በተቃራኒውም «በልቷል» የሚሠራቸው እንግሊዝኛው የማያውቃቸው ሥራዎች አሉ። ሁለቱን ልጥቀስ።

አንደኛው ሁኔታን መግለጽ ነው። «ሕፃኑ ተኝቷል» ማለት አሁን እንቅልፍ ላይ ነው ማለት ነው። «ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ቆሟል፣ ተቀምጣለች፣ ነጭ ለብሳለች፣ ገብቶኛል፣ መሽቷል» ስንል ሁሉም አሁን ያለውን ነገር ይናገራሉ። እንግሊዝኛው እነዚህን በአሁን ጊዜ ወይም በቅጽል ይላቸዋል። ልጁ «ተኝቷል»ን በቀመሩ አስገብቶ «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ሲል፣ ሰሚው የተረዳው ሕፃኑ ጠግቦ ተኝቶ እንደነቃ ነው። «ደክሞኛል» ደግሞ «አይ ሃቭ ታየርድ» ይሆናል፤ ይህን ያላለ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።

ሁለተኛው ቀን ከተጠራለት ድርጊት ጋር መሄዱ ነው። ትኬት ቆራጩ ሰዓት ሲጠራ «ወጣ» አለ ብያለሁ፤ የጽሑፍ አማርኛ ግን ከመናኸሪያው አማርኛ ይለያል። ዜና አንባቢው «ሚኒስትሩ ትናንት ከልዑካን ቡድኑ ጋር ተወያይተዋል» ይላል፤ ማንም አይከፋውም። ያ ዜና በእንግሊዝኛ ሲወጣ «ሃዝ ዲስከስድ ይስተርዴይ» ሆኖ ይመጣል። በአገራችን የሚታተሙ የእንግሊዝኛ ዜናዎችንና መግለጫዎችን ለአንድ ሳምንት ያገላበጠ ሰው ይህን ደጋግሞ ያገኘዋል። እኔም ከዚህ ወጥመድ አልተረፍኩም። ወጣት ሳለሁ ለአንድ መሥሪያ ቤት ባስገባሁት ማመልከቻ ላይ «አይ ሃቭ ግራጁዌትድ» ብዬ ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፌ ነበር። ጠያቂው ወረቀቱን አንስቶ «አሁንም እየተመረቅክ ነው?» አለኝ፤ ከጎኑ የነበሩት ሳቁ። ቀልዱ እንኳን ትክክል አልነበረም፤ ግን ያን ዕለት ይህን አላውቅም ነበር። እንግሊዝኛው «ሃቭ» ዓመት ሲጠራበት የሚሸሸው፣ ዓይኑ አሁን ላይ ስለሆነ ነው፤ ቀን የጠራ ሰው ወደዚያ ቀን ሄዷልና።

አሉታው ላይ ስንደርስ ደግሞ ልዩነቱ ይጠፋል። የ«በልቷል» አሉታ ምንድን ነው? «አልበላም» ነው። የ«በላ»ስ? እሱም «አልበላም»። ቅርብ ኃላፊያችን የራሱ አሉታ የለውም። ስለዚህ እንግሊዝኛው በሁለት አፍ የሚናገረውን እኛ በአንድ አፍ እንላለን፤ ልዩነቱን የሚያወጣልን «ገና» የምትባል ትንሽ ቃል ናት። «አልመጣም» ካልን ነገሩ አብቅቷል፣ «ገና አልመጣም» ካልን በር በሩን እያየን ነው። «ገና»ን ያገኘ ተማሪ «ሃዝንት ከም የት»ን አገኘ ማለት ነው። በመማሪያ ክፍል ለዚህች ቃል አምስት ደቂቃ የሰጠ መምህር ግን አላጋጠመኝም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስገረመኝን ነገር የነገረኝ አንድ የሰፈሬ ልጅ ነው። ሰባተኛ ክፍል ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ትምህርቱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው እዚያ ክፍል ላይ ነው። የቤት ሥራውን ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ሃቭ ማለት ‹አለኝ› አይደል እንዴ?» አለኝ። ነው አልኩት። «ታዲያ ‹አይ ሃቭ ኢትን› ምንድን ነው? መብላት አለኝ?» አይደለም፤ በልቻለሁ ነው። «‹አይ ሃቭ ቱ ኢት›ስ?» መብላት አለብኝ። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። እኔም ዝም አልኩ፤ ሦስቱን ትርጉሞች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስንጽፋቸው ሦስቱም ውስጥ «አለ» ተቀምጣለች። አለኝ። በልቻለሁ። አለብኝ።

አማርኛ «ሃቭ» የሚባል ግሥ የለውም፤ ባለቤትነትን የሚናገረው በመኖር ነው፤ «መጽሐፍ አለኝ» ማለት መጽሐፍ ለእኔ ይኖራል እንደ ማለት ነው። እንግሊዝኛ በያዘው ነገር ይሠራል፤ አማርኛ ባለው ነገር። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ሄደው ሦስት ቦታ ላይ ተገናኙ። ይህም የአማርኛ ብቻ ዕድል አይደለም። በአፋን ኦሮሞ «ዱፌራ» የሚለው የ«ዱፌ ጂራ» አጭሩ ነው፤ «ጂራ» ደግሞ አለ ማለት ነው። ትግርኛ «መጺኡ ኣሎ» ይላል፤ ቦዙን ብቻውን «መጺኡ» ብሎም ለኃላፊ ይጠቀምበታል፤ በዚህ በኩል የፈረንሳይኛን መንገድ የያዘ ይመስላል። ላምበረት መናኸሪያ ውስጥ የሚሰሙት እነዚህ ሦስት ቋንቋዎች ስለ ትናንት ሲያወሩ «አለ»ን ይዘው ነው።

ትምህርቱ በምን ይሰጣል ወደሚለው ስንመጣ ብዙ የሚያስደስት ነገር የለም። በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ብቻ የሚባል ደንብ አለ፤ አማርኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣል። ይህ ደንብ ልጁን ከሚያውቀው ብቸኛ መሣሪያ ያስፈታዋል። የ«ወጥቷል»ን ምሳሌ ማንሳት ክልክል ከሆነ መምህሩ የሚቀረው ቀመሩ ነው። በመጽሐፍ በኩል የሬይመንድ መርፊ ሰማያዊው መጽሐፍ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ የወጣው፣ በፎቶ ኮፒ ጭምር እጅ ለእጅ ይዞራል። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ፕረዘንት ፐርፌክትንና ተራውን ኃላፊ ጎን ለጎን አስቀምጦ በብዙ ክፍል ያለማምዳል። የተጻፈው ግን ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ነው፤ የኮሪያውንም የስፔኑንም የኮተቤውንም ተማሪ በአንድ ዓይን ያያል። «ተኝቷል» የሚያመጣብንን ጣጣ ሊያውቅ አይችልም። በማጠናከሪያ ክፍሎች የሚሣለው የጊዜ መስመር፣ ነጥቡና ቀስቱ፣ ለአንዳንዱ ይረዳል፤ ለእኔ ግን የአውቶቡስ መስመር ካርታ ከመምሰል አላለፈም።

ትዕግሥትን የሚመክር ጥናትም አለ። ካትሊን ባርዶቪ ሃርሊግ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ እንግሊዝኛ የሚማሩ ሰዎችን ጽሑፍ ተከታትላ እንዳሳየችው ፕረዘንት ፐርፌክት የሚመጣው ተራው ኃላፊ ከተደላደለ በኋላ ነው፤ ከመጣም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ባልተጠራበት ቦታ ይገባል። ስለዚህ «ዌንት»ን ገና ያላጸና የአምስተኛ ክፍል ልጅን በ«ሃዝ ጎን» ማስጨነቅ ትርፉ ድካም ነው።

አሜሪካኖቹም ነገሩን አላቃለሉልንም። እንግሊዙ «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» የሚለውን አሜሪካዊው ብዙ ጊዜ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ይለዋል። የመማሪያ መጽሐፉ የእንግሊዝ፣ ፊልሙና የዲቪ ዘመዱ የአሜሪካ የሆነለት ልጅ የትኛውን ይመን? የአሜሪካው አነጋገር ለእኛ ይቀርባል፤ እኛም «በላህ?» ነው የምንለው እንጂ እንግዳን ደጃፍ ላይ «በልተሃል?» ብለን ብዙ አንቀበልም። እንግዳው ነው «በልቻለሁ፣ በልቻለሁ» እያለ የሚያስቸግረው። ለማንኛውም ለፈተና የእንግሊዙን መያዝ ይሻላል፤ ለወሬ የአሜሪካው ይበቃል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ ሰዋስው ከማርክ ያልፋል። የአሜሪካ ቪዛ ማመልከቻ የሆነው ዲኤስ 160 ቅጽ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን» ብለው በሚጀምሩ ጥያቄዎች የተሞላ ነው፤ አሜሪካ ገብተህ ታውቃለህ ወይ? ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ ወይ? «ኤቨር» የሚለው ቃል ከተወለድክ ጀምሮ ማለት ነው፤ ዘንድሮ ማለት አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት የተከለከለ ሰው ጥያቄውን «ተከለከልክ?» ብሎ አንብቦ የለም ካለ፣ ያሰበው ሌላ የጻፈው ሌላ ይሆናል፤ ቅጹን የሚያየው ሰው ደግሞ ሰዋስው አያርምም። ቅጽ የምትሞሉ ሰዎች፣ «ሃቭ ዩ ኤቨር»ን ባያችሁ ቁጥር በልባችሁ «ታውቃለህ?» ብላችሁ ተርጉሙት፤ አትሳሳቱም።

ለመጽሐፍ አዘጋጆች የምለው አንድ ነገር አለኝ። ለአገራችን ልጆች በሚታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ፣ ለፕረዘንት ፐርፌክት ከሚሰጡት ገጾች አንዷን ብቻ ለአማርኛ ስጡ፤ ኦሮሚያ ላይ ለኦሮምኛ፣ ትግራይ ላይ ለትግርኛ። ገጿ ላይ ወጣና ወጥቷል፣ ሄዶ ያውቃልና ሄዷል፣ ተኝቷል፣ ገና አልመጣም፣ ስኖር አሥር ዓመት ሆነኝ የሚሉት ይቀመጡ፤ ከአጠገባቸው እንግሊዝኛቸው። እኔ እስከ ዛሬ ባገላበጥኳቸው የተማሪ መጻሕፍት ውስጥ ያቺን ገጽ አላገኘኋትም። ለሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ግን በእጄ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፤ ደብተሩ ጀርባ ላይ ከ«ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ጎን ለጥፏታል።